ፈልጎ ላጣ ሊቅ የቀረበ ውዳሴ

የቀደሙት ሊቃውንት አንዲት መጽሐፍ ለማየት ከደብር ወደ ደብር በእግራቸው እየኳተኑ፥ የዕቃ ቤቱን ጠባቂ ደጅ እየጠኑ ዘመናቸውን እንደ ፈጁ ስናስብ፥ ከወንበሩ ተደላድሎ በመዝገበ መጻሕፍቱ መፈለጊያ አንዲት ቃል ጽፎ፥ ቡናው ሳይበርድ «በዚህ ርእስ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ የሚፈርደውን የዘመናችንን ተመራማሪ አለማመስገን ንፉግነት ይሆናል።

ይህ ሊቅ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በዋሽንግተን ካለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሊፈልግ ተነሣ። ከደራስያኑ ተራ ገብቶ፥ በፈረንጅ ልማድ የአባትን ስም አስቀደመ፤ መዝገቡ ግን ኢትዮጵያዊን የሚያስገባው በገዛ ስሙ ነው። ላቲኑንም ጆሮው እንዳዘዘው ጻፈ፤ እነዚያ ትጉሃን መዝጋቢዎች «ቀ»ን በ«ኪው» እንጂ በ«ኬ» እንደማይጽፉ፥ የግዕዙንም ድምፅ በላቲኑ «ኤ» እንጂ በ«ኢ» እንደማይወክሉ ማን ይንገረው? በመጨረሻም መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነውና ፍለጋውን በ1958 ወሰነው፤ መኪናው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲያስብ 1965 ወይም 1966 እንደሚል ለማጣራት ጊዜ አልነበረውም። «ምንም አልተገኘም» የሚለው መልስ ሲመጣ፥ ራሱን ለመጠርጠር የተፈጠረ አይደለምና፥ ከአማርኛ ልቦለዶች ሁሉ ስመ ጥሩው በዚያ ታላቅ ቤት አለመኖሩን በብዙ ኀዘን አረዳን።

በታሪክ ጥናትም ትጋቱ አልቀነሰም። «ጣሊያን ኢትዮጵያን ለምን ወረረ?» ብሎ፥ ጥያቄ ምልክቱን ሳያጓድል፥ ጠንቋይ ቤት እንደ ገባ ሰው መዝገቡን ጠየቀ። ተርታው አንባቢ ቢሆን ኖሮ አንድ የሚያውቀውን መጽሐፍ አግኝቶ፥ ከዝርዝሩ ግርጌ የተጻፈውን የርእሰ ጉዳይ ስያሜ ተመልክቶ፥ «የኢጣልያና የኢትዮጵያ ጦርነት፥ 1935–1936» የሚለውን ቢጫን፥ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ ወንድሞቹ ተከታትለው በወጡለት ነበር። (ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በአንዱ በ1928 ዓመታችን ውስጥ የተከናወነውን ጦርነት ለሁለት ዓመት ማካፈል የፈረንጅ ቸርነት ነው።) ነገር ግን ስያሜ መከተል የሌላውን ሰው አእምሮ መከተል ስለ ሆነ ሊቃችን ተጸየፈው። ሁለት ቃላትን በትእምርተ ጥቅስ አስሮ መፈለግም አሳሪነት መሰለው፤ ልዩ ልዩ እርባታዎቹ አብረው እንዲመጡ በቃሉ ግንድ መጨረሻ ኮከብ ማኖርን ሲመክሩትም፥ ኮከብ መቁጠር የደብተራ እንጂ የምሁር ሥራ አይደለም አለ። የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ መጠየቅማ፥ በአደባባይ ንስሓ እንደ መግባት ያለ ውርደት ነው!

ፍሬውም አልዘገየም። በድርሳኑ መቅድም «በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ድረስ ጥናት አልተደረገም» ብሎ በደማቁ ጻፈ፤ መርማሪዎቹም ኃላፊነታቸውን የማይዘነጉ ሰዎች ናቸውና፥ ዝም ብለው አልተቀበሉትም፤ ያችኑ አንዲት ቃል ራሳቸው ጽፈው ካረጋገጡ በኋላ በማዕረግ አሳለፉት።