የወፍጮ ቤት ወረፋ

ተረት ተረት! የላም በረት!

በአንዲት የወረዳ ከተማ አንድ ወፍጮ ቤት ነበር። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ መብራት ድርግም አለ። ባለወፍጮው ትንሽ ጠበቀና «በሉ ነገ በጠዋት ኑ» ብሎ ሰዉን አሰናበተ፤ በሩንም ቆልፎ ሄደ። እህሉ እንደ ወረፋው ተሰልፎ አደረ። ከፊት እሜቴ ጤፍ፣ ቀጥሎ እማማ ማሽላ፣ ከዚያ በቆሎ፣ ከሁሉም ኋላ አንድ የራሽን ስንዴ። የበርበሬው ወፍጮ ለብቻው ስለሆነ እትዬ በርበሬ ከነቅመሟ ጥግ ይዛለች፤ አጠገቧ አብሯት የሚፈጭ የአሞሌ ስባሪ አለ።

ጨለማ ወሬ ይወዳል። ቀድማ አፏን የከፈተችው ጤፍ ናት።

«አንተ የኋላው፣ አገርህ ወዴት ነው?»

«ዩክሬን ነኝ፣ እሜቴ» አለ ስንዴ። «የካቲት 2014 ጦርነቱ ሲነሳ ወደቡ ተዘጋብን። ወደ ስድስት ወር ጎተራ ውስጥ ተቀመጥን። ቱርክና የተባበሩት መንግሥታት አስማምተው መንገድ ሲከፈት ነው አንዲት መርከብ 23 ሺህ ቶን የሆንነውን ጭና ነሐሴ 10 የተነሳችው። ነሐሴ 24 ጅቡቲ ነበርን።»

«መንገዱ ሁለት ሳምንት፣ ጥበቃው ግማሽ ዓመት!» አለች ጤፍ። «የተራበ ሰው በዚህ መካከል ምን ይቅመስ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያሉት እኮ ወደው አይደለም። እኔን ተመልከት! ጥሬዬ ከአገር እንዳይወጣ በ1998 ታግዶ ቤቴ ተቀምጫለሁ።»

እማማ ማሽላ ከት ብላ ሳቀች። «ቤትሽ ተቀምጠሻል? እንጀራ ሆነሽ በአውሮፕላን ዋሽንግተን የምትመላለሽው ማን ናት? አይዳሆ ተዘርታ የምትታጨደውስ የማን ልጅ ናት? አንዱ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አሠራር የኔ ፈጠራ ነው ብሎ ወረቀት ሲያወጣብሽ፣ አንቺ በር ዘግተሽ ነበር።»

«ተሽሯል!» አለች ጤፍ ተቆጥታ። «በ2011 ሄግ ላይ ፍርድ ቤት ሽሮበታል!»

«ተሽሯል፣ እሱስ እውነት ነው። እኔ ግን ከዚሁ ከኛና ከሱዳን ምድር ተነስቼ ሕንድ ስገባ ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም።»

ይኼኔ በርበሬ ከጥግ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች። «የናንተን አላውቅም። እኔ ግን ንጹሕ ያገር ልጅ ነኝ። ያለ እኔ የሚሠራ ወጥ ካለ አሳዩኝ!»

«እትዬ በርበሬ፣ ተይ እንጂ» አለ በቆሎ። «እኔና አንቺ እኮ አሜሪካ ነው የተወለድነው። እኔንማ ድሮ ‹የባሕር ማሽላ› ይሉኝ ነበር፤ ባሕሩ ከነስሜ ተጽፎብኛል። አንቺ ወጥ ውስጥ ቶሎ ስለገባሽ የጠየቀሽ የለም።»

በርበሬ የበለጠ ቀላች።

እስካሁን ዝም ብሎ የቆየው አያ አሞሌ ነበር። ዝምታ ልማዱ ነው፤ ገንዘብ ሆኖ የኖረ ብዙ አይናገርም። «ስሙኝ ልጆች» አለ። «እኔን ከአሳሌ ሐይቅ ዳር ጠርበው በግመል ያወጡኝ ነበር። ከአፋር በረሃ ወደ ትግራይ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ጎጃም፣ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ደቡብ። በራቅሁ ቁጥር ዋጋዬ ይጨምራል፤ በየኬላው ይቀረጥብኛል፤ አንዳንዱ ቦታ ሳልደርስ እሰበራለሁ። ያ ዘመን ጥሩ ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን ነጋዴው ሲዘገይ የዘገየው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። በመጋቢት 2013 አንዲት 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ ስዌዝ ቦይ ውስጥ ተሰንቅራ ስድስት ቀን መተላለፊያ ጠፋ ሲባል ሰማሁ። የኔ ግመል ብትወድቅ ሌላዋ ዞራ ታልፋለች።»

ጤፍ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ብዙ ስብሰባ ላይ የሚሆነው እንዲሁ ነው።

«ሰማችሁ? እንግዲያው ባሕር የተሻገረ ይውጣ! እርስ በርሳችን እንገበያያለን!»

ጭብጨባ ሆነ። ስንዴን እየገፉ በር ላይ ጣሉት። በቆሎን አስከተሉት። በርበሬ እያለቀሰችም እያስነጠሰችም ተንከባለለች። እማማ ማሽላ አንዴ ትገፋለች፣ አንዴ ትተዋለች። አይጧ ብቻ ከሁሉም የፈሰሰውን እኩል ትለቅም ነበር። ጤፍ ወገቧን ይዛ ስትቆም፣ ከገዛ ልብሷ ድምፅ ወጣ።

«እሜቴ፣ እኔንስ ወዴት ሊያደርጉኝ ነው?»

መቼም እኛ አገር ከረጢቱንም ማዳበሪያ ነው የምንለው። ዩሪያው ማሳ ላይ ሲያልቅ፣ በባዶው ጤፍ ይገባበታል።

«ከተፈጥሮ ጋዝ ነው የምሠራው» አለ ከረጢቱ። «የገባሁት እንደ ስንዴው በጅቡቲ ነው። እርስዎ በበቀሉበት ማሳ ላይ የተበተንኩትም እኔ ነኝ። ጋዝ ተወዶ ዋጋዬ ጣሪያ ሲነካ ገበሬው እንዴት እንደተማረረ ያውቃሉ። ልውጣ ካሉ እወጣለሁ፤ ግን የለበሱት እኔን ነው።»

ጤፍ እሱ ቢወጣ መፍሰሷን አሰበችና ዝም አለች።

«ደግሞ» አለ ከረጢቱ፣ «ነሐሴ 2017 ጎዴ ላይ ፋብሪካ ሊተከልልኝ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር ውል ታስሯል። ጋዙ የኦጋዴን፣ ባለሀብቱ የሌጎስ። ያኔ የምወለደውን ከየትኛው ወገን ሊቆጥሩት ነው?»

አያ አሞሌ «ይኼ ከግመሌ መንገድ ትንሽ ይረዝማል» አለና ሳቀ። ሌላ የመለሰ የለም።

ሲነጋጋ መብራት መጣ። ባለወፍጮው በሩን ሲከፍት ከረጢቱ ሁሉ ተዘበራርቋል፤ ሴቶቹ «እኔ ነኝ ቀድሜ ያስቀመጥኩት» እያሉ ጭቅጭቅ ጀመሩ። ሞተሩ አጓራ፤ ሁለቴ ዞረና ቺንጋው ጧ ብሎ ተበጠሰ። አዲሱ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባም የሚመጣው ከቻይና። ባለወፍጮው ግን ልጁን ጎሚስታው ዘንድ ላከው። ጎሚስታው ከአንድ አሮጌ የአይሱዙ ጎማ ቁራጭ ቆርጦ ደረበበትና በሽቦ ሰፍቶ መለሰው። ወፍጮው ዞረ፤ ስፌቱ ባለፈ ቁጥር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

«ስንት ልክፈልህ?» አለው ባለወፍጮው።

«ገንዘብ ተወው። አንድ ቁና ዱቄት ስጠኝ።»

«ከየትኛው?»

«ከቀደመው» አለ ጎሚስታው፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።