ለአዲስ ዓሣ የሚገባ ንፉግነት

ከአዲስ አበባ ወርቃማ ዓሣ አስመጥተው ሶዶ፣ ኦቶና ካለው ቤትዎ ሊያስገቡ ከሆነ አስቀድመው አንድ ነገር ይወስኑ፦ ለአንድ ሳምንት ያህል ንፉግ ለመሆን ይችላሉ? ካልቻሉ መስተዋት ገንዳውን አበባ ይትከሉበት። በወላይታ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል፣ መብራት ይበራል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ማዕድ ይቀርባል። ለዓሣ ከእነዚህ አንዱም አይደረግም። የቤት ዓሣ በሰው ክፋት ሲሞት አልሰማሁም፤ የሚፈጀው ደግነት ነው።

ከጽዳቱ እንጀምር። ዓሣው ከመምጣቱ በፊት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ባክቴሪያ እስኪራባ አራት፣ ምናልባትም ስድስት ሳምንት ጠብቀዋል። አንዱ ወገን ባክቴሪያ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሌላው ናይትራይቱን ተቀብሎ ጉዳቱ ወደሚቀለው ናይትሬት ያደርሰዋል። መመርመሪያው አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ናቸው ካለ ቤቱ ተሰናድቷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሠራተኛ የሚኖረው ቡናማ አተላ በመሰለ ስፖንጅ ውስጥ ነው። ለእንግዳው ክብር ሲባል አንድ ትጉ ሰው ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ ፈትጎ ካጠበው፣ ክሎሪኑ የስድስት ሳምንቱን ልፋት ባንድ ጠዋት ይደመስሰዋል። በተለይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ስፖንጁን ከቤተሰቡ ይጠብቁት። እጅግ ከከበደዎት ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ለቅለቅ አድርገው ይመልሱት፤ ከዚያ በላይ ንጽሕና ለሌላ ዕቃ ይሁን።

እንግዳው በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በአረካ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በፌስታል ተጉዞ ይደርሳል። ፌስታሉን ሳይፈቱ ገንዳው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ይመጣጠናል። መንገድ ላይ ዓሣው ያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ወደ አሲድነት ስለሚጎትተው የተጠራቀመው አሞኒያ ያን ያህል አይመርዝም። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ አሞኒያውም ጥርስ ያወጣል። ስለዚህ ከፈቱት በኋላ ስልክ አያንሡ። ለጥቂት ደቂቃ የገንዳውን ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩበት፣ ከዚያ ዓሣውን በመረብ አውጥተው ያስገቡት። የፌስታሉን ውኃ ግን ይድፉት። እንግዳ ይዞት የመጣውን መድፋት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይድፉት።

ቀጥሎ መብራቱን ያጥፉ። ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ስለሚጠፋ ከምክሮቼ ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው። ችግሩ አብሮት ማጣሪያውም መቆሙ ነው። 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጊቤ 3 ጎረቤታችን ነው ብለው አይመኩ፤ የሶዶን ዓሣ የሚያውቀው አይመስልም። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ይግዙ፤ ከሌለ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። ይህ እንደ ቅንጦት አይቆጠር። ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለ እኩል ሙቀት ካለው ውኃ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ትንፋሽ የሚያጥረው የዳሞታን ተራራ የሚወጣ ሰው ብቻ አይደለም።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አይስጡት። ምንም ስል ቆጮም፣ የዳቦ ፍርፋሪም ማለቴ ነው። ዳጣንማ ያሰበ ሰው ከገንዳው ክፍል ይውጣና በሩ ይዘጋበት። «በሞቴ» እያሉ ማጉረስ እዚህ አይሠራም፤ የሚሞተው ሌላ ነው። ያልተበላ ምግብ ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎቹም ገና ጥቂት ናቸው። በማግሥቱ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ቁንጣሪ ይስጡት። ወርቃማ ዓሣ ጨጓራ የለውም፣ ምግቡ በቀጥታ ወደ አንጀት ነው የሚያልፈው። «ጨጓራዬን» የማይል ብቸኛው የቤቱ ነዋሪ እሱ ስለሆነ ቢበዛበትም አቤት አይልም።

ጠያቂዎች መምጣታቸው አይቀርም። ኦቶና ሆስፒታል ያለበት ሰፈር ነው፤ ምሳ ዕቃ ሳይዝ የሚጠይቅ ሰው ከየት ይመጣል? ምሳ ዕቃውን በአክብሮት ተቀብለው ራስዎ ይብሉት። መስተዋቱን በጣት የሚቆረቁሩትን ልጆች ወደ ውጭ ይሸኙ። ዕጣኑና የቡናው ጢስ ሌላ ክፍል ይሁን፤ የአየር መንፊያው የክፍሉን አየር እንዳለ ወደ ውኃው ይከታል። የትንኝ መርጫ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ፤ ትንኟን የሚገድለው ኬሚካል ለዓሣም ብርቱ መርዝ ነው።

እንግዳው አንድ ሁለት ቀን ጥግ ይዞ ቢቀመጥ፣ መልኩ ደብዘዝ ቢል፣ ቅር ብሎት አይደለም። ቡናም ቅቤም ያልነካው የሸክላ ስባሪ ቢያስገቡለት ከሥሩ ይደበቃል። ውኃው ላይ ወጥቶ አየር ሲጎርስ ካዩት ግን ዝም አይበሉ፤ ወይ ኦክስጅን አንሷል ወይ አሞኒያ ገብቷል። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይመርምሩ። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ብቅ ካለ ከሩብ እስከ ግማሽ ውኃውን፣ ቀን ሙሉ በክፍት ባልዲ ቆይቶ ክሎሪኑ በወጣለት ውኃ ይተኩ።

ብቻውን ይከፋዋል ብለው ስድስት ጓደኛ ባንድ ጊዜ እንዳያመጡለት። ባክቴሪያው የተራባው ባገኘው ልክ ነው፤ አንድ ይጨምሩና ሳምንታት ይጠብቁ። ዘመድ በስጦታ ብዙ ካመጣብዎትም ወደ ኦሞ ወይም ወደ አባያ አይልቀቁት፤ ባዕድ ዓሣ የወንዙንም የሐይቁንም ነባር ሊጎዳ ይችላል። ሰፊ ገንዳ ላለው ጎረቤት ይስጡት፤ ጎረቤቱ በለጋስነት የሚታወቅ ከሆነ ግን ይለፉትና ቀጣዩን በር ያንኳኩ።