የጎሊና ጎርፍ ከየት መጣ?

ድሮ እንስሳት በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ሮቢት ላይ ነሐሴ ገብቶ እንኳ ዝናብ ጠብ አላለም ነበር። ማሽላው ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። አንድ ሌሊት፣ ሰማዩ በኮከብ ተሞልቶ ሳለ፣ ጎሊና ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ ሞልቶ ወረደ። አሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩ ሁለት ጥጆችን ይዞ ወደ አፋር ነጎደ።

ሲነጋ እንስሳቱ ከቁርቁራው ሥር ተሰበሰቡ። ጠብታ ሳይዘንብ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

አያ በሬ የቄሱ በሬ ነው፤ ሥነ ፍጥረት ሲነገር እየሰማ አድጓል። «22ቱን ፍጥረታት በስድስት ቀን የፈጠረ አምላክ ላከው። ከየት መጣ ብሎ መመርመር ድፍረት ነው» አለ። የሼኩ ግመልም አንገቱን ነቅንቆ ተስማማ። እመት ጦጢት ከቅርንጫፏ ላይ ሆና፣ «ላኪውን ማን አየው? ውሃ ነው፤ መጣ፣ ሄደ። የቀረው የፈሪ ወሬ ነው» አለች።

ኤሊ ሁሉንም ሰምታ፣ «ወንዙን ተከትዬ ልውጣና ልየው» አለች። አያ በሬ «እምነት ጎደለሽ!» ብሎ ተቆጣ። ጦጢትም «ላይ ምንም የለም፤ ምን ልታዪ?» ብላ ከለከለቻት። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ያልተስማሙት ሁለቱ፣ በዚህ ተስማሙ። ከታሪኩ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ኤሊ ግን ሄደች። ከድንጋይ ድንጋይ እየዳኸች፣ ማሽላው አልቆ ጤፍ፣ ጤፉ አልቆ ገብስ እስኪሆን ወጣች። ጅባራ ከበቀለበት ደጋ ስትደርስ ዝናቡ ጀርባዋን ደበደባት። አንዲት በግ አገኘችና፣ «ይህ ከየት ይመጣል?» አለቻት።

«ከደመና።»

«ደመናውስ?»

«ነፋስ ያመጣዋል። ከማዶ እኔ ያላየሁት ባሕር አለ ይላሉ።»

«ባሕሩስ?»

በጊቱ ሣሯን መጋጥ ተወች፤ መልስ ግን አልነበራትም።

ኤሊ ተመልሳ ነገረቻቸው። «ሌሊት ያያችሁት ጎርፍ ማታ ደጋ ላይ የዘነበው ነው። በምዕራብ ተራራው ላይ መብረቅ ካያችሁ፣ እዚህ ሰማዩ ቢጠራም፣ ልጆቻችሁን ከአሸዋው አውጡ። ከባሕሩ ወዲያ ያለውን ግን አልደረስኩበትም።»

አያ በሬ «ይኸው! ላኪ አለው አላልኩም?» ብሎ ጮኸ። ጦጢትም «ይኸው! ደመና ብቻ ነው» አለች። ኤሊ፣ «ያየሁትን ነገርኳችሁ፤ ያላየሁትን በስሜ አትናገሩ» አለቻቸው። ሁለቱ ክርክራቸውን ቀጠሉ። ማታ ማታ መብረቁን እያዩ ጥጆቻቸውን ከአሸዋው ያወጡት ላሞቹ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ነገር በሰው ዘንድም ሆኗል። ቤልጂየማዊው የካቶሊክ ቄስ ዦርዥ ሌሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 አጽናፈ ዓለሙ እየሰፋ እንደሚሄድ በስሌት አሳየ፤ በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንዲት ጥንታዊ አቶም ጀመረ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ፍሬድ ሆይልን የመሰሉ ሳይንቲስቶች፣ ነገሩ ሃይማኖት ሃይማኖት ይሸታል ብለው አልተቀበሉትም። በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲጠቅሱት ደግሞ፣ ያልወደደው ራሱ ቄሱ ነበር። እኛም ዘንድ ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ የሚባል የፍልስፍና መጽሐፍ አለ። ማን እንደጻፈው ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፤ መጽሐፉ ግን «ማን ፈጠረኝ?» እያለ ከወላጅ ወደ ወላጅ ወላጅ እየወጣ፣ ጠይቆ ጠይቆ ነው ፈጣሪ ዘንድ የሚደርሰው። መጠየቅ እምነትን ያጠፋል ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ስለዚህ የሮቢት ቄሶች፣ ሼኮችና መምህራን ሆይ፣ ልጅ መጥቶ «ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?» ቢላችሁ እባካችሁ አትቆጡት፣ አትሳቁበት። የምታውቁትን ንገሩትና የቀረውን ራሱ ሄዶ ይየው።