ባለሀብቱ ጥፋተኛ ነው፤ በበረዶ ሆኪ ደጋፊ ዕውቀት ላይ የተካሄደ መጠነኛ ጥናት

በሰሜን አሜሪካ በበረዶ ሆኪ ዙሪያ ከሚካሄዱ ምርምሮች ሁሉ ብዙ ተመራማሪ ያለው፣ ለማንም ደመወዝ የማይከፍለውና የመስክ ሥራው ባብዛኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚከናወነው ዘርፍ የባለሀብት ጥናት ነው። ዘርፉ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ቡድናችን ለምን ተሸነፈ? መልሱ ምርምሩ ሳይጀመር ስለሚታወቅ ተመራማሪው ጊዜውን በሙሉ ማስረጃ ፍለጋ ላይ ያውላል። ይህ ጽሑፍ የዘርፉን ግኝቶች ለአማርኛ አንባቢ ለማስተዋወቅ የተዘጋጀ ሲሆን በተለይ የሚያተኩረው በቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ቡድን ላይ ነው። ሊፍስ ስታንሊ ካፕ የተባለውን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳው በ1967 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ለፍጻሜ እንኳ አልደረሰም። ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ያልተቋረጠ የመረጃ ክምችት በቀላሉ አይገኝም።

የዘርፉ መሠረታዊ ሕግ የሚታወቀው በግስ እርባታ ነው። ማታ «አሸነፍን» ብሎ የተኛ ሰው በሚቀጥለው ጨዋታ ማግስት «ተሸነፉ» ብሎ ይነሳል። ድሉን የተጋራው ሕዝብ በአንድ ሌሊት ከቡድኑ ለቆ ይወጣና ሽንፈቱን የሚረከብ ሌላ ሰው ይፈለጋል። አሰልጣኙ ለጊዜው ሊረከብ ይችላል፤ ግን ይባረራል። ግብ ጠባቂው ይረከባል፤ ግን ይሸጣል። ዋና ሥራ አስኪያጁም ጊዜውን ጠብቆ «በጋራ ስምምነት» ይሰናበታል። የማይባረር፣ የማይሸጥና የማይሰናበት ሰው አንድ ብቻ በመሆኑ የብዙ ዓመት ጥፋት ሁሉ ተንከባሎ ተንከባሎ እሱ ዘንድ ይከማቻል። እሱም ባለሀብቱ ነው።

ለዘርፉ ወርቃማ ዘመን ያበረከተው ሃሮልድ ባላርድ ነው። ባላርድ ሊፍስን ከ1972 እስከ ሞተበት እስከ 1990 ድረስ የያዘ ሲሆን፣ ገና ቡድኑን በእጁ ባስገባበት በዚያው በ1972 በማጭበርበርና በስርቆት ክስ በ47 ጭብጦች ጥፋተኛ ተብሎ የ3 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ከእስር ሲወጣም ወደ ቡድኑ ተመለሰ። ሌላ ቦታ የማይሄድበት ምክንያት ነበረው፤ መኖሪያው ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ ከተባለው የመጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሊፍስ የሚጫወትበት ሊግ በ1977-78 የውድድር ዘመን የተጫዋቾች ስም በማልያ ጀርባ ይጻፍ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ባላርድ ተቃወመ። ስም ካለ ተመልካች በአዳራሹ የሚሸጠውን የጨዋታ መጽሔት አይገዛም የሚል ስጋት ነበረው። ሊጉ ቅጣት ሲያስፈራራው ትእዛዙን በትክክል ፈጸመ፦ በሰማያዊው ማልያ ላይ ስሙን በሰማያዊ ፊደል አስጻፈ። በ1979 ደግሞ አሰልጣኙን ሮጀር ኒልሰንን አባሮ ሌላ ሰው ሲያጣ መልሶ ጠራው፤ ወደ ሜዳ ሲገባም ተመልካቹ እንዲደነቅ ጭንቅላቱ ላይ የወረቀት ከረጢት ያጥልቅ አለ። ኒልሰን ያለ ከረጢት ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቀኝነት መመዝገብ አለበት። በባላርድ ዘመን የደጋፊው መላምትና እውነታው ተስማምተው ነበር። ሰው «ባለቤቱ ነው ያጠፋው» ሲል በእርግጥ ባለቤቱ አጥፍቶ ይገኝ ነበር። ይህ ለዘርፉ ዕድገት ትልቅ እንቅፋት እንደሆነ ይታመናል። ያለማስረጃ ማመንን የሚለማመድ ትውልድ ሊፈጠር የቻለው ባላርድ ከሞተ በኋላ ነው።

ያ ትውልድ የተፈተነው የቡድኑ ባለቤት አስተማሪ በሆነ ጊዜ ነው። የኦንታሪዮ መምህራን ጡረታ ፈንድ በ1994 በቡድኑ ላይ ገንዘቡን አፍስሶ ቆይቶ በ2003 አብላጫውን ድርሻ ያዘ። ከዚያ እስከ 2012 ድረስ ለሊፍስ ሽንፈት ተጠያቂ የሚሆኑት በክፍለ ሀገሩ ያሉ 300 ሺህ ያህል በሥራ ላይ ያሉና ጡረታ የወጡ መምህራን ነበሩ ማለት ነው። ቡድኑ ከ2006 እስከ 2012 ድረስ ሰባት ዓመት በተከታታይ ለጥሎ ማለፉ ሳይደርስ ቀርቷል። «ስግብግቡ ባለሀብት» የሚለው መላምት ሲመረመር ባለሀብቱ የሦስተኛ ክፍል የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ። ደጋፊው ይህን አላስተዋለም ማለት አይደለም፤ አስተውሎ ስድቡን ቀጠለ። አንዳንዱ ሰዳቢ ራሱ አስተማሪ ነበር።

በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና የአበሻ ምግብ ቤቶች ተርታ ካገኘኋቸው መረጃ ሰጪዎች መካከል በዕድሜ አንጋፋው እዚያው አገር ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። ስለነዚያ ሰባት ዓመታት ሲያማርሩ ቆይተው ባለቤቶቹን ረገሙ።

«ጋሼ፣ በዚያን ጊዜ እኮ ባለቤቱ እርስዎ ነበሩ» አልኳቸው።

«እኔ?»

«በጡረታዎ በኩል።»

አሰብ አደረጉና ቡናቸውን ፉት አሉ። «እኔ ብሆን ኖሮ ያን ግብ ጠባቂ አላስፈርምም ነበር!»

ይህ መልስ በዘርፉ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ የሚሰጠው ነው። ባለቤትነት በገንዘብ የሚገኝ ሳይሆን ለጥፋት ባለው ቅርበት የሚለካ መሆኑን ያሳያል። ገንዘቡ የእሳቸው ነው፤ ውሳኔው የእነሱ።

ፈንዱ የቡድኑ ባለቤት በሆነው ድርጅት ውስጥ የያዘውን 80 ከመቶ ገደማ ድርሻ በ2012 በ1.32 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ሸጠ። በጥሩ ትርፍ ወጣ፤ የመምህራኑ ጡረታ ያለ ዋንጫ ደለበ። የገዙት ሮጀርስና ቤል ናቸው፤ በስልክና በኢንተርኔት አንዱ የሌላውን ደንበኛ ሲነጥቅ የሚውል ሁለት ተቀናቃኝ ኩባንያ። የቶሮንቶ ደጋፊ ከዚያ ወዲህ የሚደውለው ከባለሀብቱ በገዛው መስመር ነው፤ ባለሀብቱን የሚሰድበውም በዚሁ መስመር ነው፤ የስድቡ ደቂቃ ከወር ሒሳቡ ላይ ይቆረጣል። ስድቡን ከሁለቱ ወደ አንዱ ማዞር እንኳ አይችልም ነበር። አሁን ነገሩ ቀሏል፤ ሮጀርስ የቤልን ድርሻ በ4.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ በሐምሌ 2025 ግዢውን አጠናቋል። በካናዳ የሊጉን ብሔራዊ የቴሌቪዥን መብት የያዘውም ሮጀርስ ራሱ ነው። ደጋፊው ትኬት ለመግዛት አቅም ሲያጥረው ቤቱ ተቀምጦ ቢያይም ገንዘቡ ከዚያው ሰው ኪስ አይርቅም።

አሁን ወደ ዘርፉ ከባድ የንድፈ ሐሳብ ችግር እንመጣለን። «ባለሀብቱ ገንዘቡን አያወጣም» የሚለው ክስ ከዘርፉ ክሶች ሁሉ የቆየ ነው። ግን ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው። የ2004-05 የውድድር ዘመን በሙሉ የተሰረዘው ባለሀብቶቹ ይህን ጣሪያ ለማስጸደቅ ተጫዋቾችን ከሥራ አግደው ነው። በ2005-06 ጣሪያው ለአንድ ቡድን 39 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በ2025-26 95.5 ሚሊዮን ሆኗል። አገር የሚገዛ ባለጠጋና ከወር እስከ ወር የሚንገዳገደው ባለሀብት ለተጫዋች የሚያወጡት ገንዘብ ከዚያ መስመር አያልፍም። ሊፍስ ብዙ ጊዜ እስከ ጣሪያው ድረስ የሚከፍል ቡድን ነው። እንግዲህ ይህ ባለሀብት የሚያወጣውን ሁሉ አውጥቷል። ደጋፊው ይህን ሲሰማ ለአፍታ ዝም ይልና ክሱን ያሻሽላል፦ «ገንዘቡን አወጣ፤ ልቡን ግን አላወጣም።»

ልብን በሚመለከት ከቶሮንቶ ሐይቁን ዞሮ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ተነድቶ የሚገኘው ቡፋሎ ወሳኝ ሙከራ አካሂዷል። የተፈጥሮ ጋዝ ባለሀብቱ ቴሪ ፔጉላ በ2011 ቡፋሎ ሴበርስን ሲገዛ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ የልጅነት ጀግናውን ጊልበርት ፔሮን ሲያይ አለቀሰ። ገንዘብ ካስፈለገኝ ሌላ የጋዝ ጉድጓድ እቆፍራለሁ፣ የቡድኑ መኖር ዓላማ ዋንጫ ማንሳት ነው የሚል መልእክት አስተላለፈ። ደጋፊው ለትውልድ የጸለየለት ሰው መጣ፦ ሀብታም፣ ደጋፊ፣ ለጋስ፣ አልቃሽ። ቡድኑ ከ2011-12 እስከ 2024-25 ድረስ ለ14 የውድድር ዘመናት በተከታታይ ጥሎ ማለፍ ሳይገባ ቀርቶ በሊጉ ታሪክ ከፍተኛውን ክብረ ወሰን ይዟል። የቡፋሎ ተመራማሪዎች የደረሱበት መደምደሚያ ሰውየው ጣልቃ መግባት ያበዛል የሚል ነው።

ጣልቃ አለመግባትስ? ይህን ለመመርመር የአዲስ አበባ አንባቢ ጥሩ ቦታ ላይ ይገኛል። ስታን ክሮንኬን እናውቀዋለን። አርሰናልን በ2011 አብላጫውን፣ በ2018 ሙሉውን የያዘ አሜሪካዊ ባለሀብት ነው። በሚያዝያ 2021 የሱፐር ሊጉ ነገር ሲፈነዳ ኤምሬትስ ደጃፍ በተሰበሰበ ሕዝብ «ውጣልን» የተባለ፣ በእኛም የዲኤስቲቪ ቤቶች ሳናየው በሁሉም ነገር የወቀስነው ሰው ነው። ዝምተኛ ነው፣ ስታዲየም አይመጣም፣ አያውቀንም፣ ክለቡ ለእሱ እንደ ሕንፃ ነው፣ ተባለ። የዚሁ ሰው ድርጅት ዴንቨር ላይ ኮሎራዶ አቫላንሽ የተባለ የሆኪ ቡድን አለው። ቡድኑ በ2016-17 በ82 ጨዋታ 48 ነጥብ ብቻ ሰብስቦ የሊጉ ጭራ ሆነ። በዚያን ጊዜ ለዴንቨር ሰው ችግሩ ግልጽ ነበር፦ ባለቤቱ ዝምተኛ ነው፣ ጣልቃ አይገባም። በ2022 ያው ቡድን ስታንሊ ካፕን አነሳ። የስኬቱም ምስጢር ግልጽ ሆነ፦ ባለቤቱ ዝምተኛ ነው፣ ጣልቃ አይገባም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሙከራ በሕክምና ጥናት እንኳ በቀላሉ አይገኝም። አንድ ሰው፣ አንድ ባሕርይ፣ ሁለት ውጤት። መድኃኒቱም መርዙም አንድ ብልቃጥ ውስጥ ነበር።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የሚል አባባል ለቺካጎ ሰው አልደረሰውም። የቺካጎ ብላክሆክስ ባለቤት ቢል ዊርትዝ ቡድኑ በሜዳው የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች በአካባቢው ቴሌቪዥን እንዳይታዩ ለዓመታት ከልክሎ ኖሯል፤ ትኬት ለሚገዛው ሰው ፍትሕ አይሆንም የሚል ነበር ምክንያቱ። በመስከረም 2007 ሞተ። በጥቅምት ወር በመጀመሪያው የሜዳ ጨዋታ ላይ ለመታሰቢያው ንግግር ሲደረግ ተመልካቹ ጮኸበት። ልጁ ጨዋታዎቹን በቴሌቪዥን ለቀቀ፤ በ2010 ከ49 ዓመት በኋላ ዋንጫ መጣ። ደጋፊው ይህን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳል። እንዳይጠቅሰው መከልከል ይከብዳል።

ተቃውሞን በተመለከተ የተሰበሰበው መረጃ እጅግ አስገራሚ ነው። የቶሮንቶ ደጋፊ ሲናደድ በረዶው ላይ ዕቃ ይወረውራል። በ2010 ዋፍል ወርውሯል፤ ምክንያቱን እስካሁን የሚያብራራ የለም። በሌሎች ጊዜያት፣ በ2025 በጥሎ ማለፉ ሰባተኛ ጨዋታ በፍሎሪዳ 6 ለ 1 በተሸነፉበት ምሽት ጭምር፣ ማልያ ወርውሯል። ማልያው ከባለሀብቱ ሱቅ የተገዛ ነው። አንዱ ሲወረወር ሌላ መግዛት የግድ ይሆናል፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ያለ ማልያ መምጣት ነውር ነው። አዳራሹ ግን ሞልቶ ነው የሚያድረው። ፎርብስ መጽሔት በ2024 ሊፍስን 3.8 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገምቶ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ቀዳሚ አድርጎታል። ያኔ ዋንጫውን ካየ 57 ዓመት የሆነው ቡድን ከሁሉም የበለጠ ውድ መሆኑ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደጋፊው ባለሀብቱን በሙሉ ልብ እየጠላ በሙሉ ኪስ የሚያበለጽግ ብቸኛ ደንበኛ ነው። ይህ ለዘርፉ ሊቃውንት ሲነገራቸው የውድድር ዘመኑ መክፈቻ መቼ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

የመጨረሻው መረጃ የመጣው ከዋንጫው ብረት ነው። ስታንሊ ካፕ ላይ የአሸናፊው ስም ሲቀረጽ የባለቤቶቹም ስም አብሮ ይቀረጻል፤ ደጋፊ ቦታ የለውም። የኤድመንተን ኦይለርስ ባለቤት ፒተር ፖክሊንግተን በ1984 ቡድኑ ዋንጫ ሲያነሳ ከክለቡ ጋር ግንኙነት ያልነበረውን አባቱን ቤዚልን ከአሸናፊዎቹ ጋር አስቀረጸ። ሊጉ አወቀና ስሙ ላይ ተከታታይ የኤክስ ምልክት አስመታበት፤ እስከ ዛሬ ይታያል። ፖክሊንግተን በ1988 ዌይን ግሬትስኪን ለሎስ አንጀለስ ሸጦ 15 ሚሊዮን ዶላር ባገኘበት ዝውውር የኤድመንተን ሰው ምስሉን አቃጥሏል። ቡድኑ በ1990 ያለ ግሬትስኪ ዋንጫ ቢያነሳም ስለዚህ ነገር የሚያወራ ተመራማሪ የለም፤ ከመላምቱ ጋር ስለማይስማማ።

የባለቤቶች ስም ዋንጫው ላይ እንደሚቀረጽ ለጋሼ ስነግራቸው የሒሳብ ደማቸው ተነሳ። አንድ ቡድን ዋንጫው ላይ ማስቀረጽ ይፈቀድለት የነበረው 52 ስም ሲሆን የዋንጫው አንዱ ቀለበት የ13 አሸናፊ ቡድኖችን ስሞች ይይዛል። በመምህራኑ ዘመን አሸንፈን ቢሆን ኖሮ፣ አሉ፣ 300 ሺህ ባለቤት በአንድ ዋንጫ ላይ መጻፍ ነበረበት። ናፕኪን ላይ አሰሉት፤ 444 ቀለበት ወጣ።

«ማን ይሸከመዋል?» አሉ። «ለዚህ ነው ያላሸነፍነው። ቦታ የለማ።»