ወንጀልን በመሳቢያ ለቀነሱት

ለተከበሩ የምርመራ መምሪያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በዓመታዊ ሪፖርትዎ የተሰማኝን ደስታ ስለመግለጽ

ክቡር ኃላፊ፣

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ በሐምሌ ያቀረቡትን የ12 ወራት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት፣ ከየዕድሩ ከተጠሩት እንግዶች ጋር ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ሆኜ አዳመጥኩ። የሞባይል ንጥቂያ ከአምናው መቀነሱን ሲያበስሩ ከሁሉም ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ለውጤቱ የበኩሌን አስተዋጽኦ አድርጌያለሁና።

አስተዋጽኦዬ እንዲህ ነው። ጥር ላይ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ሳለ አንድ ጎረምሳ ስልኬን መንትፎኝ ሮጠ። ተከተልኩት። ጫማዬ ወለቀ፤ ወደቅኩ። በዚያው ጉልበቴ እየደማ በእርስዎ ሥር ካለ አንድ የምርመራ ክፍል ደረስኩ።

መርማሪው ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። «አንተ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ቃሌን ሰጠሁ፤ ጻፈ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 14፣ በቃል የቀረበ አቤቱታ ተጽፎ ለአቅራቢው ይነበብለት ይላል። ምስጋና ይድረሰውና መርማሪዎ ሕጉን አከበረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለእኔም፣ ለባልደረቦቹም፣ ሻይ ይዛ ለገባችውም ልጅ አነበበ። «ጫማዬ ወልቆ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና ደገመው።

«የየትኛው እግር?»

«የግራ።»

«እስቲ እንዴት እንደወደቅክ አሳየን፤ ለምርመራው ይጠቅማል።»

ለምርመራው ከጠቀመ ብዬ ተነሳሁ። ከመዝገብ መደርደሪያው እስከ በሩ ሮጥኩ፤ የግራ ጫማዬንም አወለቅኩ። ቢሮው በሳቅ አውካካ። አግዳሚው ላይ በካቴና የተቀመጠው ተጠርጣሪ ሳይቀር ሳቀ፤ ቀድሞ ያቆመው ግን እሱ ነው። «ጋሼ፣ ጫማዎን ያድርጉ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አለኝ። በዚያ ክፍል ያገኘሁት መስተንግዶ ይኸው ብቻ ሲሆን፣ ያስተናገደኝም የእርስዎ ሠራተኛ አይደለም።

ምርመራው ቀጠለ። ሌባውን ባየው እለየው እንደሆነ ተጠየቅኩ። ያየሁት ጀርባውን ነው ስል ሳቁ እንደገና ተቀሰቀሰ። ከዚያ የስልኩን ደረሰኝና ካርቶን አምጣ ተባልኩ። የሉኝም። «ታዲያ ስልኩ ያንተ ስለመሆኑ በምን እናውቃለን?» ተዘርፌ ገብቼ ተጠርጣሪ ሆኜ ልወጣ ጥቂት ቀረኝ። በመጨረሻም ቃሌ የሰፈረበትን ወረቀት አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የመዝገብ ቁጥር ስጠይቀው «ሰነድ ሳይሟላ አይመዘገብም» አለኝ።

እንግዲህ ክቡር ኃላፊ፣ ቀነሱ ካሏቸው ንጥቂያዎች አንዱ የእኔ ነው። አሠራሩ በእውነት ይደነቃል፤ ሌባ ማሳደድ የለ፣ ምስክር መጥራት የለ፣ መሳቢያ መዝጋት ብቻ ነው። በዚህ አያያዝ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቀን ወንጀል የሚባል ነገር አገሩን ለቅቆ ይጠፋል።

ስማ እንግዲህ! ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሌባው የወሰደብኝ ስልክ ነው፤ ስልክ ይተካል። ያንተ ሰው ግን በሽበቴ በባዶ እግር አስሩጦ ሳቀብኝ። ይህ ምርመራ ሳይሆን ነውር ነው! ነውሩን ደግሞ አዳራሽ ሞልተህ አስጨበጨብክበት!

ይቅርታ፤ ይስሙኝ ለማለት ነው።

ሌላውን ሌሎች ይጻፉት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ስለሰፈረው 48 ሰዓት፣ እየተጠየቀ ስለሚታደሰው የ14 ቀን ቀጠሮ፣ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቶ ሙዚየም ይሆናል ስለተባለው ማዕከላዊ የሚናገሩ አሉ። ከእኔ ጫማ የሚበልጡ ጉዳዮች መሆናቸው አይጠፋኝም። እኔ የምጽፈው ስለ ጫማዬ ነው።

ስለዚህ በመጪው ሪፖርትዎ ሠንጠረዥ ላይ «መጥተው ሳይመዘገቡ የተመለሱ» የሚል አንድ ዓምድ እንዲጨምሩ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቁጥሩ ያሻቅባል፤ የምስጋና ምስክር ወረቀትም ሊያመልጥዎት ይችላል። እስከዚያው በሐምሌ የሰጠሁትን ጭብጨባ ከዛሬ ጀምሮ ያነሳሁ መሆኔን አሳውቃለሁ።

በተረፈኝ አክብሮት፣
ያልተመዘገበ አቤቱታ አቅራቢ

ግልባጭ፦
ስልኬን ለወሰደው ጎረምሳ
ባለበት