ማኛ በመሶብ፣ ዱከም በኩንታል

አትላንታ አጠገብ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ሾፌሮቻችን ዘንድ የማይነሳ ክርክር የለም። ሰሞኑን የበረታው የእርሻ ምርምር ነው።

«ሃምሳ ዓመት ተመራመሩ፤ ጤፍ ግን ተወደደ!» አሉ አንድ ጋሼ።

ጋሼ፣ የዛሬውን ዋጋ ነገሩን። ቁንጮ የሚባለው ዘር ባይወጣ ኖሮ ስንት ይሆን ነበር? እሱን ሳያሰሉ ፍርድ አይስጡ። ምርምር የሚመዘነው «ባይኖርስ?» ተብሎ ነው።

«ቁንጮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006! እስከዚያ ምን ይሠሩ ነበር?»

አበባው እስኪከፈት ይጠብቁ ነበር! የጤፍ አበባ ለዓይን የምታስቸግር ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ለጥቂት ጊዜ እንደምትከፈት ደርሰውበት እ.ኤ.አ. በ1974 የማዳቀልን በር የከፈቱት ተመራማሪው ታረቀ በርሄ ናቸው። ከዚያ በፊት ካለው መምረጥ እንጂ ሁለት ዘር ማጋባት አልተቻለም። ከዚያች ጠዋት እስከ ቁንጮ 32 ዓመት ነው። የሦስት ዓመት በጀት ሰጥቶ በአራተኛው «ውጤቱ የታል?» የሚል ለጋሽ ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ ይስቀለው።

«ከቁንጮ በፊት ዱከም አልነበረም እንዴ? ምርቱ ብዙ ነው ይሉ ነበር» አለ ሌላው። ነበር፤ ምርቱም ብዙ ነው። ታዲያ ለምን አልበቃም? መልሱን ግን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እህታችን ቀደመችኝ፦ «ነጭ ካልሆነ ማን ይወስድልኛል?» ማኛ ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን ያንሳል፤ ዱከም ምርታማ ነው፣ ንጣቱ ግን ማኛን አያህልም። የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ሁለቱን አጋብቶ ቁንጮን አወጣ። ምርትን ብቻ ቆጥሮ ጋጋሪዋን ያልጠየቀ ምዘና ዱከምን ሸልሞ፣ ገበሬው ለምን እንዳልተሻማበት ሳይገባው ይቀራል።

አንድ ወጣት ደግሞ በተቃራኒው መጣ። «በሄክታር 10 ኩንታል ገደማ የነበረው በአሥር ዓመት ግድም ከ16 በላይ ሆነ፤ ሁሉም የቁንጮ ሥራ ነው!» ወንድሜ፣ ማዳበሪያው የት ገባ? የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋስ? ዝናቡስ? ገበሬው ራሱስ? የሁሉንም ድርሻ ለአንድ ዘር ያሸከመ ሪፖርት ለምርምር ወዳጅ አይሆንም፤ አንድ ክፉ ክረምት ሲመጣ ጥፋቱንም ለዚያው ዘር ያሸክመዋልና።

«ፈረንጆቹስ እንዴት ይለኩታል?» ዝቪ ግሪሊከስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ድቅል በቆሎን አጥንቶ ነበር። አዮዋ ፈጥና ስትቀበል፣ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቀው አላባማ አሥር ዓመት ያህል ዘገየች። የአላባማ ገበሬ ሰነፍ ነው ያለ ተሳስቷል። ለአዮዋ የተዘጋጀው ዘር ለዚህ ለደቡቡ አይስማማም፤ ለራሱ አፈር የሚሆን እስኪዳቀልለት ጠበቀ። ዝናብ የሚያጥረው የእኛ ቆላም እንደዚሁ ነው፤ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ይፈልጋል እንጂ ቁንጮን በግድ አይፈልግም። «ገበሬው ቴክኖሎጂ አይቀበልም» የሚል ሪፖርት ሳነብ ደሜ ይፈላል። ዘሩ ለቀበሌው ተሠርቷል ወይ? መጀመሪያ ይህ ይጠየቅ!

«ገበሬውን የትኛውን ዘር ትዘራለህ ብሎ መጠየቅ አይበቃም?» አይበቃም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከማሳ የተወሰደ የስንዴ ናሙና በዲኤንኤ ሲመረመር፣ «የአገር ዘር ነው» የተባለው የምርምር ዘር ሆኖ ተገኝቷል። ዘር ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በቁና ሲሻገር ስሙ መንገድ ላይ ይጠፋል። ተመራማሪው ደክሞ ያወጣው፣ ገበሬው አጣርቶ ያቆየው እህል በመጠይቁ ወረቀት ላይ «ያልተሻሻለ» ተብሎ ይሰፍራል። ይህ ለሁለቱም በደል ነው።

ጋሼ ግን የዋዛ አይደሉም። «እሺ፣ ሁሉን መለስክ። ጤፉ ታዲያ ለምን ይጋሸባል?»

ይህኛው ክስ እውነት ነው። ቁንጮም ማዳበሪያ ሲበዛበት ይተኛል፤ የተኛ ጤፍ ምርቱም ጥራቱም ይቀንሳል፣ አጫጁንም ወገቡን ይቆርጠዋል። ደብረ ዘይትና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ሲታገሉት ቆይተዋል፤ ገና አልተረታም። መዛኞቹ ይህንንም ይጻፉት። ብቻ ጋሼ፣ ይህ በጀት ይጨመር የሚያሰኝ ክስ እንጂ በሩ ይዘጋ የሚያሰኝ አይደለም!