የጎረቤት ጆሮ፦ ስለ ዝምተኛው ጊታር ከሰቆጣ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ጎረቤት ማለት፣ በዚህ ጥናት አገባብ፣ ቲኬት ሳይቆርጥ የሙዚቃ ልምምድ የሚታደም ሰው ነው። ትርጉሙ በየትኛውም ከተማ ይሠራል፤ ሰቆጣ ላይ ግን ይብሳል። ምክንያቱ የግንባታ ነው። በአንድ ግቢ ተደርድረው የሚከራዩ የጭቃ ክፍሎች ግድግዳቸው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ ክፍተቱን የሚሸፍነው የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው። ማዳበሪያ አቧራ ይይዛል፣ አይጥንም ለጊዜው ያዘናጋል፤ የኤሌክትሪክ ጊታርን ግን አግዶ አያውቅም። አንደኛው ክፍል ውስጥ አምባሰል ሲጀመር፣ አራተኛው ክፍል ውስጥ ሽሮ የምታማስል ሴት ስህተቱን ከተጫዋቹ ቀድማ ትለየዋለች። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ትናንት የወሎ አውራጃ ነበርና ቅኝት የማያውቅ ጆሮ እዚህ በቀላሉ አይገኝም።

ችግሩ ጥንታዊ ነው። የዋግ ኽምራ ሰው ለብዙ ዘመን የተጠቀመበት የድምፅ መከላከያ ርቀት ይባላል። ዋሽንት የሚለምድ እረኛ ተራራው ላይ ይወጣል፤ የሚሰማው ፍየሉ ብቻ ነው። የአበርገሌ ፍየል በእርባታ ባለሙያዎች ዘንድ በስሙ የታወቀ ዝርያ ነው፤ የመራቢያ ብቃቱና የሥጋው ነገር በሚገባ ተጠንቷል፣ የጆሮው ትዕግሥት ግን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ጀማሪ ዋሽንተኛን ቀኑን ሙሉ አዳምጦ ለሽማግሌ ያልከሰሰ ታዳሚ እሱ ብቻ ነው።

በተቃራኒው የቆሙት ላሊበሎች ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ሰው ደጃፍ ቆመው ያዜማሉ፤ ይህን ብንተው የሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት እንዳላቸው ይነገራል። ባለቤቱ ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ይሰጣል፣ ይመረቃል። ጊታረኛ ይህን ሥርዓት እንዳይዋስ ምርቃቱንም ምክንያቱንም አያውቀውም። በገና ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለው፦ ከአንድ ሜትር በላይ ቁመትና አሥር አውታር ይዞ ድምፁን ከክፍል አያስወጣም። ያ ሁሉ ንዝረት የሚመጣው ከአውታሩ ሥር ከምትገባ እንዝራ ከምትባል ቁራጭ ቆዳ ነው። ለብቻ ጸሎት የተሠራ መሣሪያ ስለሆነ ለተከራይ በጣም ይመቻል፤ ችግሩ ለሠርግ አለመሆኑ ነው።

ፈረንጆች የጀመሩት ከጩኸቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የ‹ዘ ሁ› ባንድ ጊታረኛ ፒት ታውንሸንድ፣ ያለው አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) አላረካ ቢለው አምፕ ሠሪው ጂም ማርሻል ዘንድ ሄዶ ኃይል አስጨመረ፤ ባለ 100 ዋቱ ተሠራ። ጎረቤቶቹ አልተጠየቁም። ነገር ግን የሰው ጆሮ ‹ድምፁ እጥፍ ሆነ› ብሎ እንዲያምን ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። በዚህ ሒሳብ 1 ዋት የምትባለው ትንሽ አምፕ ከ100 ዋቱ ጩኸት ሩብ ያህሉን ትሰጣለች። ለሦስት በአራት ክፍል፣ ከነማዳበሪያ ኮርኒሱ፣ ሩቡም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የ‹ቦስተን› ባንድ ጊታረኛና ኤምአይቲ የተማረው መሐንዲስ ቶም ሾልዝ፣ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠልና በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ‹ሮክማን› የሚባል አምፕ አወጣ። ዛሬ ያው ነገር ከክብሪት ቀፎ ብዙም ሳይበልጥ ጊታሩ ላይ ይሰካል።

በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ለረጅም ወራት ያለ መብራት ለቆየ ዞን፣ ከዚህች አምፕ ትንሽነት ይልቅ የግድግዳ ሶኬት አለመፈለጓ ይበልጥ ያስደስታል። ከእነዚህ ትንንሽ አምፖች አንዳንዶቹ በባለ 9 ቮልት ድንጋይ ይሠራሉ። ዋግ ድንጋይ ቸግሮት አያውቅም፤ ሱቅ ውስጥ የሚደረደረው ግን የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ግኝት። ጆሮ ማዳመጫ ጊታሩን ዝም ያሰኛል፤ ጊታረኛውን ግን አያሰኝም። ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው ያልተሰካ አውታር የሚያወጣው ቅጭልጭልታ፣ ሊሾውን የሚደበድብ እግር፣ ከዚያም ማንጎራጎር ነው። ጆሮው በድምፅ የተሞላ ሰው ሳያውቀው ይጮኻል፤ ይህን ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 ጽፎታል፣ ክስተቱም በስሙ ይጠራል። መጮኹ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ራሱን ስለማይሰማ ከቅኝቱም ይወጣል። ስለዚህ ለጎረቤት የሚደርሰው ሙዚቃው ተቀንሶለት መከራው ብቻ የቀረ ዘፈን ነው። አከራይዋ አንኳኩተው፣ ‹‹ልጄ፣ ምን ሆንክ? ሆድህን ነው?›› ቢሉ አይፈረድባቸውም። ልጁ በሩን ይከፍታል፤ ላብ አጥምቆታል፤ አንድ ጆሮውን ገለጥ ያደርጋል።

‹‹ምንም አልሆንኩም እማማ፤ እየተለማመድኩ ነው።››

እማማ ጊታሩን አየት ያደርጉታል። ድምፅ የለውም። ‹‹እግዜር ይማርህ›› ብለው ይመለሳሉ።

ገመድ የሌለው ኢርፎን የሚገዛ ሰው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በብሉቱዝ የሚሄድ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይዘገያል። ለዜና አይከፋም። እስክስታ ላይ ግን ትከሻው ወርዶ ሲያበቃ ጊታሩ ገና ዳገቱን አልጨረሰም። ተለማማጁም ጥፋቱ የጣቱ መስሎት ወራት ይደክማል። የጆሮም ሒሳብ አለ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ይበቃል ይላል፤ 90 ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ወደ 4 ይወርዳል። የጎረቤትን ጆሮ ያዳነ፣ ዕዳውን የሚከፍለው በራሱ ጆሮ ነው።

የዐቢይ ጾም ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። 55 ቀን ዘፈን አይሰማም። ማዳመጫ ከመጣ ወዲህ ‹አይሰማም› የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አግኝቷል፤ ተለማማጁ ‹‹ማንም ካልሰማ አልተዘፈነም›› ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ የንስሐ አባት ፊት ሲቀርብ ዕድሜው አጭር ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲመጣና ሞንታርቦው ሲቆም ደግሞ፣ ወራቱን ሙሉ በጆሮው ውስጥ ብቻ የተጫወተው ልጅ ጊታሩን ከሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማዋል። ሰውም እንደዚሁ።

ስለዚህ ጥናቱ ለተከራይ ጊታረኞች የሚያቀርበው ምክር አጭር ነው። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ትንሿን አምፕ ዝቅ አድርጎ ማሰማት ይሻላል፤ ጎረቤት ቢያንስ የሚያርመው ነገር ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ማዳመጫ የሚያደርግ አፉን ይዝጋ። ማዳመጫው ባለገመድ ይሁን፤ የአምፑ ቀዳዳ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ የስልክ ኢርፎን ጫፍ ግን 3.5 ሊሆን ስለሚችል፣ መቀየሪያዋን ከሱቁ ሳይወጡ ሰክቶ መሞከር ያስፈልጋል። ጣት ለማታህል ብረት ከሰቆጣ ወልድያ ደርሶ መመለስ ሩቅ ነው።